የኋላ ፍሬን ሰርቪስ ካደረግክ በኋላ ለምን ይብሳል?

መስከረም ላይ ነው፣ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ደህና ሲሆን የሞተሬን የኋላ ፍሬን እኔው ራሴ ፈታሁት። ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ሊነካካ ትንሽ ነበር የቀረው። አዲስ ሸራ ገዛሁ፣ ካሊፐሩን (ዲስኩን በሸራ ቆንጥጦ የሚይዘውን) አጠብኩ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀየርኩ፣ አየር አስወጣሁ፣ ፔዳሉን ስረግጠው ድንጋይ ሆነ፣ ደስ አለኝ። እንደውም ፔዳሉ ከመያዙ በፊት ትንሽ ወረድ ይል ስለነበር "ገና ነካ ሳደርገው ይያዝ" ብዬ ማስተካከያውን ዞር ዞር አድርጌ ያቺን ባዶ ጨዋታ አጠፋኋት። በማግስቱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የሐረጎን ቁልቁለት ሳልጨርስ የሆነ ነገር ሸተተኝ፣ የተቃጠለ ነገር። ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጋዝ ካልሰጠሁት አልሄድ አለ፣ ቁልቁለት ላይ እኮ ነው! ከዛ የኋላው ጎማ ጭራሽ ያዘ። እንደምንም ዳር አውጥቼ ብገፋው አይገፋም፣ ዲስኩ ላይ ከኮዳዬ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጭስስ አለ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ላላቸው አንድ ጋሼ ደወልኩላቸው። "አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ይቀዝቀዝ፣ ከዛ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን በጨርቅ ሸፍነህ ሩብ ዙር ፈታ አድርጋት" አሉኝ። ፈታ ሳደርጋት ዘይቱ ጢቅ ብሎ ወጣ፣ ጎማው በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። ነገርኳቸው። "ፔዳሉን ነክተሃል አይደል?" አሉኝ ሳያዩት። እሳቸው ኮምቦልቻ ተቀምጠው እኔ ሐረጎ ላይ ያጠፋሁትን እንዴት አወቁ ብዬ ገርሞኝ ነበር፣ አሁን ሲገባኝ ግን ምንም አይገርምም። አንድም የተሰበረ ነገር የለም፣ ሁሉም አዲስ ነው፣ ጥፋቱ የነበረው እኔ በነካሁት ቦታ ላይ ነው።

ከሰርቪስ በፊት የነበረ ችግርና ከሰርቪስ በኋላ የመጣ ችግር አንድ አይደሉም። ትላንት ይሰራ የነበረ ፍሬን ዛሬ ካስቸገረ እጅህ የገባበትን ነገር ነው መጠርጠር ያለብህ፣ ብዙ ሰው ግን ሮጦ ሌላ ዘይት ገዝቶ እንደገና አየር ማስወጣት ይጀምራል። አየር ያልሆነን ችግር አየር በማስወጣት ቀኑን ሙሉ ብትለፋ አይለቅህም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ልንገርህ፣ ይሄን ካልያዝክ የቀረው ሽምደዳ ነው የሚሆንብህ። ሁለት የሃኪም ስሪንጅ አስብ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም፣ ጫፍ ለጫፍ በቱቦ ተገናኝተው ውሃ ተሞልተዋል። ቀጭኑን ስትገፋ ወፍራሙ ይወጣል፣ የሚወጣው ግን በትንሹ ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ በብዙ። ቀጭኑ እግርህ አጠገብ ያለው ማስተር ነው፣ ወፍራሙ ጎማው ጋር ያለው ካሊፐር። ለምሳሌ የማስተሩ ፒስተን ስፋት 12 ሚሊሜትር፣ የካሊፐሩ 36 ቢሆን ስፋቱ ሶስት እጥፍ ነው ግን የፊቱ ቆዳ ዘጠኝ እጥፍ ይመጣል፣ ስለዚ ጉልበትህ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ሸራውን ይጫነዋል፣ መንገዱ ደግሞ በዘጠኝ ይካፈላል፣ ማስተሩ 9 ሚሊሜትር ሲሄድ ሸራው 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ፓስካል የሚባለው ፈረንሳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰበት ነገር ነው፣ ፈሳሽ ላይ ያሳረፍከው ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል ነው ነገሩ። እና አንድ ሚሊሜትር ብቻ የሚጫወት ነገር ውስጥ የምስር ፍሬ የምታክል አየር ብትገባ ምን እንደምታደርግ አስበው። ስሪንጁን በአየር ሞልተህ ጫፉን በጣትህ ደፍነህ ግፋው፣ ይገባልሃል። ውሃ ሞልተህ ግፋው፣ አይገባም። አለቀ፣ አየር ያለበት ፍሬን ማለት ይሄ ነው።

አሁን ሰው ወደማያውቀው ነገር ልምጣ። ማስተሩ ውስጥ ከላይ ካለችው የዘይት ማጠራቀሚያ የሚመጡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንዷ ሰፋ ያለች ናት፣ ዘይት የምታስገባ። ሁለተኛዋ ግን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ናት፣ ብዙ ሰው ማስተር ፈትቶ ገጥሞ እንኳን አያያትም። ስራዋ ምንድነው? እግርህን ስታነሳ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደኋላ ይመለስና ያቺ ቀዳዳ ትከፈታለች፣ በዛች ቀዳዳ ቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ከማጠራቀሚያው ጋር ይገናኛል። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል አይደል፣ የሰፋው ዘይት በዛች ሹልክ ብሎ ወደላይ ይመለሳል። አሁን እኔ እንዳደረግኩት የፔዳሉን ጨዋታ ጭራሽ ብታጠፋስ? ከፔዳሉ የሚመጣው የመግፊያ ዘንግ ፒስተኑን ትንሽ ገፋ አድርጎ ይይዘዋል፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚደፍነው ጎማ፣ ያቺን ቀዳዳ ሸፍኗት ይቀራል። ቤት ውስጥ ስትሞክረው ምንም የለውም፣ ጎማው በደንብ ይዞራል። መንገድ ላይ ሁለት ሶስቴ ስትይዝ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ መውጫ የለውም፣ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ዲስኩን ያሻል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ የበለጠ ይሰፋል። እግርህ ፔዳሉ ላይ የለም ግን ፍሬኑ ራሱን እየረገጠ ነው። ሐረጎ ላይ የሆነው ይሄው ነው።

ለዚህ ነው ፔዳሉ ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ የሚንቀሳቀስ ቦታ የግድ መኖር ያለበት። በእጅህ ቀስ አድርገህ ስትጫነው መጀመሪያ ምንም ሳይሰማህ ትንሽ ይወርዳል፣ ከዛ ይከብዳል፣ ያቺ ባዶዋ ናት የምትጠብቅህ። ልኳ ስንት እንደሆነ የሞተሩ ማኑዋል ላይ አለ፣ ማኑዋል ከሌለህ ግን ቢያንስ ዘንጉን በሁለት ጣትህ ይዘህ ነቅነቅ ስታደርገው ፒስተኑን ሳይገፋ መንቀሳቀሱን እይ። የፔዳሉ ከፍታ ለእግርህ አልመች ካለ ከፍታውን ለብቻው አስተካክለው፣ በዚህች ጨዋታ አትደራደር።

ቀዳዳዋ ሌላም ነገር ይዘጋታል፣ አሮጌ ዘይት ቆይቶ እንደ ማር ወፍሮ ይደፍናታል፣ ወይ ስትታጠብ የገባ ቆሻሻ። ደህና መሆኗን ማወቅ ቀላል ነው፣ የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈትና ፔዳሉን በእጅህ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጫን አድርገው፣ ዘይቱ ላይ ትንሽ ፍልቅ የሚል ነገር ታያለህ። ካየህ ክፍት ናት። ፊትህን ግን ከላዩ አታድርግ፣ አንዳንዴ እንደ ምንጭ ፊጭ ይላል፣ የፍሬን ዘይት ደግሞ አይን ያቃጥላል፣ ቀለምም ይልጣል፣ ታንከሩ ላይ ከተንጠባጠበ ቶሎ ውሃ ድፋበት።

እሺ፣ አሁን ሞተርህ ከሰርቪስ በኋላ ምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። መልሱ ከሶስት አንዱ ነው፣ ወይ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ወይ ፔዳሉ ድንጋይ ነው ግን ሞተሩ አይቆምም፣ ወይ ይይዝና አይለቅም። ሶስቱ ዘመድ አይደሉም፣ የአንዱን መድሃኒት ለሌላው አትስጥ።

ያዝ አድርጎ የማይለቀውን ጀምሬዋለሁ ልጨርሰው። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁመህ ጎማውን በእጅህ አዙር። ከከበደ በቀጥታ ፍሬን ነው አትበል፣ መጀመሪያ ካሊፐሩን ከዲስኩ ላይ አንሳውና እንደገና አዙር። አሁንም ከከበደ ፍሬንህ ንጹህ ነው፣ ጎማውን ስትገጥም ካቴናውን አወጥረኸዋል፣ ወይ ከኩሽኔታው ጎን የምትገባዋን ቡሽ ረስተሃል ወይ የግራውን ለቀኝ አድርገሃል፣ አክሱን ስታጠብቀው ኩሽኔታው ታነቀ። ይሄን ስንት ሰው ፍሬን ነው ብሎ ካሊፐር ቀይሯል መሰለህ። ካሊፐሩን ስታነሳ ጎማው ቀሎ ከዞረ ግን እውነትም ፍሬኑ ነው፣ መልሰህ ግጠመው፣ ፔዳሉን ሁለቴ ረግጠህ ልቀቅ፣ ጎማው ሲይዝ የአየር ማውጫዋን ፈታ አድርግ። ዘይት ጢቅ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው፣ ጥፋቱ ከካሊፐሩ በላይ ነው፣ ማስተሩ ወይ ቱቦው። ዘይት ወጥቶም ጎማው እንደያዘ ከቀረ ደግሞ ካሊፐሩ ራሱ ደርቋል። ይቺ አንዲት ብሎን የሰአታት ልፋት ታስቀርልሃለች።

ከካሊፐሩ በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምር፣ ብሎኗን ዝጋና እንደገና ረግጠህ አሲዘው፣ ከዛ ቱቦው ማስተሩ ላይ የታሰረበትን መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ብሎን ትንሽ ፈታ አድርግ። ጎማው ከተለቀቀ ማስተሩ ነው፣ ማለት ጨዋታዋ ወይ ትንሿ ቀዳዳ ወይ ያበጠ ጎሚኒ። ካልተለቀቀ ቱቦው ነው። አሮጌ የጎማ ቱቦ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ተልጦ እንደ በር ይሆናል፣ እግርህ በሃይል ስለሚገፋ ዘይቱ ይሄዳል፣ ለመመለስ ግን የሚገፋው የለም፣ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቱቦ አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ካሊፐሩ ራሱ ሲሆን እንዴት እንደሚለቅ ማወቅ አለብህ። ፒስተኑን ወደኋላ የሚመልስ ሞላ የለም፣ ብዙ ሰው አለ ብሎ ያስባል። የሚመልሰው በፒስተኑ ዙሪያ ያለው አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ጎሚኒ ነው፣ ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት ይጠመዘዝና ስትለቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል፣ የሚመልሰው የጸጉር ያህል ነው፣ ያ ይበቃል። ስለዚ ጎሚኒው የተቀመጠበት ቦይ ውስጥ ነጭ ነጭ ዝገት ካለ ጎሚኒውን ከኋላ እየገፋ ፒስተኑን ያንቀዋል፣ አዲስ ጎሚኒ ገጥመህ እንኳን ቦዩን ካላጸዳኸው ያው ነው። ሌላው የተለመደ ነገር፣ አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን በካቻቪቴ ወደውስጥ ትገፋለህ፣ ፒስተኑ ግን ውጪ በነበረው በኩል ስንት ጊዜ የገራዶ አቧራና ጭቃ ተጋግሮበታል፣ ሳታጸዳ ስትገፋው ያንን ሁሉ ይዞ ጎሚኒው ስር ይገባል። መጀመሪያ በጥርስ ብሩሽ እጠበው፣ ከዛ ግፋው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖችም አትርሳ፣ ደርቀው ከሆነ አንዱ ሸራ ብቻ ያልቃል፣ ለፍሬን የሚሆን ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀባ አድርጋቸው፣ የኩሽኔታ ግራሶ ግን ጎማቸውን ያሳብጠዋል።

ስለ ማጠብ ካነሳን አይቀር፣ እኛ ሀገር ጋራዥ ውስጥ ያልታጠበበት ነገር የለም፣ ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ላምባ። ለካቴና ደህና ነው፣ ለሞተር ብሎክ ደህና ነው፣ ለፍሬን ጎሚኒ ግን መርዝ ነው። የፍሬን ጎሚኒ የተሰራበት ጎማ የፍሬን ዘይትን ይችላል፣ የነዳጅ ዘር የሆነውን ነገር ሁሉ ግን አይችልም፣ ይጠጣዋል፣ ያብጣል። ዛሬ ታጥቦ ሲገጠም ጥሩ ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ፒስተኑ አይመለስም፣ ፔዳሉ ወርዶ ይቀራል፣ ባለቤቱ ይገረማል። የሞተር ዘይት ወይ የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ከገባም ያው ነው፣ እንደውም የባሰ፣ ያ ከሆነ ጎሚኒ በሙሉ፣ ቱቦውም ጭምር ነው የሚቀየረው፣ አጥቤ እተርፋለሁ ማለት የለም። የፍሬን ውስጥ እቃ የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ወይ በንጹህ አልኮል ነው።

አሁን ወደሚሰምጠው ፔዳል። ሸራ ቀይረህ መጀመሪያ ስትረግጥ ፔዳሉ እስከታች ከገባ አብሽር፣ ፒስተኑን ወደኋላ ገፍተኸው ነበር፣ አሁን ወደ ቦታው እስኪመጣ ደጋግመህ ትረግጣለህ ይጠብቃል። ይሄን ሳያደርግ አስነስቶ ከግቢ የሚወጣ ሰው አለ፣ መጀመሪያ ፍሬን የሚይዘው ከፊቱ ሰው ወይ አህያ ሲገባበት ነው፣ ያኔ የለም። ሞተሩ ሳይነሳ ቆሞ ነው የሚረገጠው።

ተረግጦ ተረግጦ አሁንም ስፖንጅ ስፖንጅ ካለህ አየር ነው። አየር ወደላይ ነው የሚሄደው፣ ይቺን ያዝ። የአየር ማውጫዋ ብሎን ካሊፐሩ ላይ ከሁሉም በላይ ያለች ነጥብ መሆን አለባት፣ የኋላ ካሊፐር ግን በብዙ ሞተር ላይ ዘንበል ብሎ ነው የሚታሰረው፣ አንዳንዴም የኋላ ጎማውን ከሚይዘው ሹካ ስር፣ ስለዚ አየሩ ከብሎኗ በላይ ያለች ኪስ ውስጥ ተቀምጦ አንተ ከስር ንጹህ ዘይት ታስወጣለህ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ጨርሶ አሁንም ይሰምጣል የሚል ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው። መፍትሄው ካሊፐሩን ከማሰሪያው ፈትተህ ብሎኗ ወደሰማይ እንድታይ አድርገህ መያዝ ነው፣ ዲስኩ በነበረበት ቦታ በሸራዎቹ መሃል የዲስኩን ያህል ውፍረት ያለው እንጨት አስገባ፣ አለበለዚያ ፒስተኑ ተፈትልኮ ይወጣና ሌላ ስራ ይሆንብሃል።

አወጣጡን ታውቀዋለህ፣ ቢሆንም፦ ለነዳጅ መስመር የሚሆነውን ግልጽ ቱቦ ብሎኗ ላይ ታስገባለህ፣ ሌላኛው ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ይነከራል፣ ጓደኛህ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይይዛል፣ አንተ ትፈታለህ፣ አረፋው ይወጣል፣ ትዘጋለህ፣ ከዘጋህ በኋላ ነው ጓደኛህ እግሩን የሚያነሳው። ቅደም ተከተሉ ከተሳተ ያወጣኸውን አየር መልሰህ ትጠጣዋለህ። ቃል ተስማሙ፣ "ያዝ" "ልቀቅ" ምናምን፣ እኔና ወንድሜ አንዴ "እሺ" የምትለዋን ቃል ለሁለቱም እየተጠቀምን ግማሽ ቀን አጥፍተናል። ማጠራቀሚያዋን ቶሎ ቶሎ እያየህ ሙላ፣ የኋላዋ ትንሽ ናት፣ አምስት ስድስት ርግጫ ትጨርሳታለች፣ ባዶ ከሆነች እንደገና ከዜሮ።

አሮጌ ማስተር ከሆነ ፔዳሉን እስከመጨረሻው አትርገጠው፣ ጎሚኒው በየቀኑ የማይሄድበት የሲሊንደሩ ክፍል ዝገት አለበት፣ እዛ ድረስ ስትነዳው ይቆረጣል። ከፔዳሉ ስር እንጨት ነገር አድርግ፣ ግማሽ መንገድ ብቻ ይሂድ። ከሰርቪስ በፊት ደህና የነበረ ማስተር ከአየር ማውጣት በኋላ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መሞቱን የምታውቀው ፔዳሉን በልኩ ረግጠህ ደቂቃ ያህል ስትይዘው ቀስ እያለ ወደታች ከሄደ ነው፣ ውጪ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ከሌለ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ በጎሚኒው ጎን እያለፈ ነው።

አልወጣም ብሎ ያስቸገረ አየር ካለ ከላይ ያለችውን፣ ማስተሩ ላይ ቱቦው የሚታሰርባትን ብሎን ጠርጥር፣ እዛ ጋር ቱቦው ጎበጥ ስለሚል አየር ይቀመጥበታል። ፔዳሉ ተይዞ በጨርቅ ሸፍነህ ትንሽ ፈታ ዝግት ብታደርጋት ፉስስ ብሎ ይወጣል። ወይ ደግሞ በስሪንጅ ከታች ከካሊፐሩ በኩል ዘይት ወደላይ ግፋ፣ አየር መውጣት የሚፈልገው ወደዛ ስለሆነ ታግዘዋለህ፣ ማጠራቀሚያዋ ሞልታ እንዳትፈስ ብቻ መጀመሪያ ቀንስላት። ቱቦውን ፈትተህ ከነበረ በሁለቱም ጎን የሚገቡትን የመዳብ ሮንዴላዎች ቀይራቸው፣ አዲስ ካጣህ አሮጌዎቹን እሳት ላይ ቀይ እስኪሆኑ አሙቀህ አቀዝቅዛቸው፣ መዳብ እንዲህ ሲሆን ይለሰልሳል፣ እንደገና ይደፍናል።

ፔዳሉ ጠዋት ጥሩ ሆኖ ስትነዳ ቆይተህ ድንገት ጥልቅ የሚል ከሆነ ደግሞ አየር ላይሆን ይችላል፣ የተጣመመ ዲስክ ወይ የላላ ኩሽኔታ ሸራዎቹን እያንገጫገጨ ወደኋላ ይገፋቸዋል፣ ከዛ ስትረግጥ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጎማውን ይዘህ ግራ ቀኝ ነቅንቀው፣ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ነው።

ሁለተኛው፣ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ የማይዘው፣ አጭር ነው። ሃይድሮሊኩ ደህና ነው፣ ችግሩ ሸራውና ዲስኩ ጋ ነው። አንዳንዱ ሸራውን ገልብጦ ብረቱን ወደ ዲስኩ አድርጎ የሚገጥም አለ፣ አትሳቅ፣ አይቻለሁ። አብዛኛው ግን ዘይት ነው። በግራሶ እጅህ ሸራውን ይዘኸዋል፣ የፍሬን ዘይት ተንጠባጥቦበታል፣ ወይ ደግሞ ሰርቪስ ነው ብለህ በዛው ቀን ካቴናውን የተቃጠለ ዘይት አጠጥተኸው ስትነዳ ተረጭቷል። ዲስኩን በአልኮል ወይ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብ ትችላለህ፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን በብርጭቆ ወረቀት ብታሸው ለአንድ ቀን ነው፣ ሲሞቅ ዘይቱ ከውስጡ ላብ እንደሚወጣ ይወጣል። ጣለው። ንጹህ አዲስ ሸራም ቢሆን ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ትንሽ ሰነፍ ነው፣ ሜዳ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ እያልክ ሃያ ሰላሳ ጊዜ ያዝ ለቀቅ አድርገው፣ ይስተካከላል።

ስለ ዘይቱ ራሱ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም፣ ለኛ መንገድ ከሌላው ሰው በላይ ነው የሚያሳስበን። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ሞተሩ፣ አንተና ከኋላህ የተፈናጠጠው ሰው 280 ኪሎ ብትሆኑ ያንን ቁልቁለት ስትወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ቢሆን አምስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዛ ላይ ነፋሱ ይወስዳል፣ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረድክ ኢንጅኑ ብዙውን ይወስዳል፣ ማርሹን ነጻ አድርገህ ነዳጅ ቆጠብኩ ብለህ ከወረድክ ግን የቀረው በሙሉ ፍሬንህ ላይ ነው። እና ፍሬን ዘይት ይፈላል። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፣ ዶት 3 አዲስ ሆኖ በ205 ዲግሪ፣ ዶት 4 በ230 እንዲፈላ ነው ዝቅተኛው ልኩ፣ ከ4 በመቶ ያነሰ ውሃ ሲጠጣ ግን ዶት 3 ወደ 140፣ ዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ውሃውን ከየት ይጠጣል? ከአየር፣ በራሱ፣ ባህሪው ነው። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ከተከፈተ ጠርሙስ በትንሽ ላስቲክ ቀንሰው የሚሸጡልህን የማልወደው፣ መቼ እንደተከፈተ ማን ያውቃል። የታሸገ ትንሽ ጠርሙስ ግዛ። ከፍታውም የራሱን ይቀንሳል፣ ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ እንደሚፈላውና ንፍሮው እንደሚዘገየው ሁሉ የፍሬን ዘይትም ከሜዳው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚፈላው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ጥልቅ ይላል። ተንኮሉ ቆመህ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፔዳሉ ደህና ይሆናል፣ ጋራዥ ወስደህ "ቅድም አልያዘም" ስትል ማንም አያምንህም።

ዶት 3፣ 4 እና 5.1 ዘራቸው አንድ ነው፣ ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ነው፣ ከነሱ ጋር አይቀላቀልም። ቁጥሩ ስለሚመሳሰል 5ን እና 5.1ን እንዳታምታታ። የትኛውን እንደምትጠቀም የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፎልሃል።

ሁሉን ገጥመህ ስትጨርስ ሐረጎን አትውረድበት። ሰፈር ውስጥ ሜዳ ፈልግና ሁለት ኪሎሜትር ያህል በፊት ፍሬን ብቻ ንዳ፣ የኋላውን በፍጹም አትንካ። ቁም፣ ዲስኩ ላይ ውሃ ጠብ አድርግ። ዝም ካለ ጥሩ ነው፣ አሁን የኋላውን ደጋግመህ ያዝ ለቀቅ እያደረግክ ዞር ዞር በልና መጨረሻ ላይ ጎማውን አንስተህ በእጅህ አዙረው፣ በሙቀቱም እንደ ቅዝቃዜው ቀሎ መዞር አለበት። ገና ፍሬኑን ሳትነካው ጭስስ ካለብህ ወይ ሲሞቅ ጎማው ከከበደ ሸራውንም ዘይቱንም ተዋቸው፣ ተመለስና መጀመሪያ ያቺን የፔዳል ጨዋታ፣ ከዛ ካሊፐሩን እይ።